ቁልፍ ጫኝ

ስድሳ አራት ሬዲዮ፣ ጠረጴዛዬ ላይ ተደርድሮ፣
አንቴናው ጎብጦ፣ የቀበቶው መያዣ ተሰብሮ፤
የዓጅማን በለዲያ፣ የደንብ አስከባሪ ንብረት፣
አንዱ ዓሣ ዓሣ ይሸታል፣ አንዱ የወደብ ዝገት።
ሥራዬ ቀላል ነው፤ አሮጌውን መረከብ፣
አዲሱን ከሣጥን አውጥቶ ከኮምፒዩተር ማቀራረብ፣
ቁልፍ መጫን።
          በር የለው፣ ጓጉንቸር የለው፣
ድምፅ ውስጥ የሚዞር፣ ዐይን የማያየው፤
ከዛሬ ጀምሮ፣ ቁልፉን ያልያዘ ጆሮ
የሚደርሰው እሽሽታ ነው፣ አሸዋ በቆርቆሮ።
ቅኔ ነው በሉት፤ ሰሙ ጩኸት፣ ወርቁ ትእዛዝ፣
ፈቺው ሹርጣና በለዲያ፣ ሌላው ሰምቶ የሚፈዝ።

ኸልፋን መጣ፤ ቁጥር አሥራ ሰባት፣ ወፍራም፣ ሳቂታ፣
ግራ ክንዱ ላይ ጠባሳ፣ ያምናው ክረምት ስጦታ።
ያኔ ከብረት ማከማቻው ጀርባ፣ በሌሊት፣
የመዳብ ሌቦች ሲከቡት፣
ሬዲዮውን ጨበጠ፤ የሱ ከሹርጣው አይናበብ፣
ጥሪው በስልክ ዞረ፣ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ሲነበብ፤
አሥራ አንድ ደቂቃ።
ደሙ ለሚፈስ ሰው፣ አሥራ አንድ ደቂቃ ስንት ነው በቃ?
«አሁንስ?» ሲለኝ፣ ቀዩን ቁልፍ አሳየሁት፤
«ይኸን ስትጫን፣ ሹርጣው ጆሮ ውስጥ ነህ» አልኩት።
ሳመው ሬዲዮውን። እኔም ኮራሁ፤ አልዋሽም።
ጥሩ ሥራ ጥሩ ነው፤ ነገሩ ግን እዚህ አያልቅም።

እኛ ቤት፣ አራተኛ ፎቅ፣ ስምንት ሰው በሁለት ክፍል፣
ከተጣለ ዕቃ መሃል ያዳንኩት ሬዲዮ መስኮቱ ላይ ተሰቅሏል።
ብርነሽ የስልክ ልባስ፣ ሙንተሃ ካልሲ ትዘረጋለች
ከዓሣ ገበያው ጀርባ፤ ኮምቦልቻ ሁለት ልጅ ታስተምራለች።
ፈቃድ የላቸውም።
«ወደ ገበያው ነን» የሚል የኸልፋን ድምፅ ሲመጣ፣
አንሶላው ባራት ጫፉ ይነሣል፤ ያየ የለም፣ የተቀጣ።

ሌላም ሰምተንበታል፤ ሲያዛጋ፣ አለቃውን ሲያማ፣
ባለፈው ሳምንት ደግሞ፣ «ትኩሳት ያዛት ልጄ ሸማ»።
ሸማ!
እንዴት እንደሳቅን፤ ልጅቷን የሚደርቧት ይመስል።
ከዚያ ሳቁ ቆመ፣ ትኩሳቱ በሦስተኛው ቀን ሲቀጥል።
ብርነሽ ስለት ገባች፣ ሙንተሃ ዱዓ አደረገች፣
ለአሳዳጇ ልጅ፤ «ሸማችን» እያለች።

ይኸው ቁጥር አሥራ ሰባት። ገመዱን ሰካሁ።
አረንጓዴው መስመር ሲሞላ፣ ከጥግ እስከ ጥግ አየሁ።
ልጠይቀው አልኩ፤ አፌ ላይ ደረሰ፤ ዋጥኩት፤
«ከየት ሰማህ?» ቢለኝ፣ ምን ልመልስለት?
ስልኩ ጮኸ ድንገት፤ ድምፅ ማጉያው ክፍት ነበር፤
«አይስክሬም ካላመጣህ» አለች ልጅት፣ «አልከፍትም በር።»
መስመሩ ሞላ። ተቆለፈ።
የርክክቡ ወረቀት ላይ፣ እጄ ስሜን ጻፈ።

ማታ ሬዲዮው ይንሾካሾካል፤ የሰው ነገር የለበት።
ሙንተሃ በጥፊ ጎኑን መታች፤ ያው ነው፤ ዝም አላት።
«አንተ አይደለህ ያበጀኸው? ማን ዘጋው?» ምን ልበላት?
ነገ ገበያው ያው ነው፤ ኸልፋን ሳይሰማ ይመጣል፣
ካልሲውን እንደ ተዘረጋ፣ በጥንድ በጥንድ ያገኘዋል።
ልነግራት ስል፣ ብርነሽ ቀና አለች ከትራሷ፤
«እንግዲህ በምን እንሰማለን፣ ሻል ብሏት እንደሆን ለሷ?
ለሸማ።»

«ድናለች» አልኩ። «ማን ነገረህ?» ብላ ሳትጨርስ፣
«ነገ ግን አትዘርጉ» አልኩ፤ ሌላውን ሳልመልስ።