በነጥቧ ውስጥ

ልጄ ኢምራን አትላሱን ወለል ላይ ዘርግቶ
ማስመሪያ አጋደመ፣ ምላሱን አውጥቶ።
«ከቦሌ እስከ ጅማ» አለ፣ «ሁለት ጣት ነው መንገዱ፤
አንድ ክፍለ ጊዜ ነው፣ በአየር ከሄዱ።»

«እኛስ የት ነን?» አልኩት።
ፈለገ፣ አጎነበሰ፣
በእርሳሱ ጫፍ ዳሰሰ፤
«አራብሳ የለም፣ አባ። ይህቺ ነጥብ አለች፤
አዲስ አበባ ናት፣ እኛንም ቦሌንም የዋጠች።»

እኔ ግን በዚያች ነጥብ ውስጥ ስድስት ዓመት ተጉዣለሁ።
ሌሊት በአስር ተኩል ከአራተኛ ፎቅ እወርዳለሁ፣
ደረጃውን በስልክ መብራት፣ ጭቃውን በሩጫ፣
ሰልፉን በትከሻ፣ ሚኒባሱን በጡጫ።
ጎሮ አደባባይ ላይ ፀሐይ ትቀድመኛለች፤
ረዳቱ «ጠጋ ጠጋ» ሲል ዓለም ትጠባለች።
ቦሌ ስደርስ ብርቱካናማ ሰደርያ እለብስና፣
ከአውሮፕላኑ ሆድ ገብቼ እንበረከክና
የጅማን ሻንጣ እደረድራለሁ።
ይነሣል።
ሁለተኛውን ጋሪ ሳልጨርስ «አረፈ» ሲሉ እሰማለሁ።

ሐምሌ ላይ አባቴ መጣ፣ አባ ቢያ፣ ዓይኑን ሞራ የጋረደው፤
በሰባ ስምንት ዓመቱ ሰማይ ሲወጣ የመጀመሪያው ነው።
ከጅማ ደወለ፦ «ልሳፈር ነው፣ ተነሣ።»
እኔም በዚያችው ቅጽበት ወጣሁ ከአራብሳ።
ዝናብ ነበር። ጎሮ ጋ አንድ ሲኖትራክ፣ አሸዋውን ዘርግፎ፣
እንደ ጠገበ በሬ ተኝቷል፣ ጎኑን አሳርፎ።
ስደርስ አባቴ ተቀምጧል፣ የአቮካዶ ካርቶን ታቅፎ።

«ከየት ነው የመጣኸው?» አለኝ።
«ከቤት ነዋ፣ ከአዲስ አበባ።»
«እኔስ የት ነው የገባሁት?»
«አዲስ አበባ፣ አባ።»
ዝም አለ። እጁን ሰዶ እርጥቡን ጃኬቴን ነክቶ
«እንግዲያው እንግዳው አንተ ነህ» አለኝ፣ ከወንበሩ ተነሥቶ።

ወደ ቤት ስንሄድ ሙስበሓውን አወጣ።
«ከጅማ እስከ ቦሌ ሦስት ዙር ነው» አለ።
ጃክሮስ ላይ አምስተኛውን ጀመረ፣
ጎሮ ላይ ዙሩ ጠፋበት፤
«ተወው» ብሎ ኪሱ ከተተው።

ማታ ኢምራን አትላሱን ከአያቱ ጭን አኖረ፤
በነጥቧ ውስጥ አራብሳን ሊያስገባት ሞከረ።
እርሳሱን ቀረጸ፣ ደግሞ ቀረጸ፣
ትንፋሹን ውጦ ተጫነ፣
ወረቀቱ ተበሳ።
ሊያለቅስ ነበር።
አባቴ በአውራ ጣቱ ቀዳዳዋን ፈልጎ አገኛትና
«ቆይ፣ አትደፍናት» አለ፣ «አሁን ገና አየኋት።»

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ተመለሰ፣ አንድ ዓይኑ በፋሻ፤
ሸኘሁት እስከ በሩ፣ እስከ መፈተሻ።
እስኪነሣ ቆሜ ጠበቅሁ። ከዚያ ሰልፍ ያዝኩ፤
ከኋላ፣ ጎማው ላይ ካለው ወንበር ተሳፈርኩ።
ጉልበቴ አገጬን ሊነካ ጥቂት ሲቀረው
ስልኬ ጠራ።
ድምፁ ጥርት ያለ፣ ከጀርባው የዶሮ ጩኸት፦
«ገባሁ፣ ልጄ። ከደጄ ነኝ። አንተስ ደረስህ ከቤት?»

የመስኮቱን ጉም በክርኔ ጠረግሁት።
የዚያ ቀን አሸዋ አሁንም መንገዱ ዳር ተከምሯል፤
ሣር አብቅሏል።
«እየደረስኩ ነው» አልኩት።