ሳይመሽ የተዘጋ ቀፎ

የመርከቡ ሆድ ሥር ሰንሰለት አጥባቂ፣
መኪና አሰላፊ፣ ትኬትም ጠያቂ
እኔ ነኝ፤ ከናክሶስ እስከ አሞርጎስ ድረስ
ስንቱን ሳመላልስ፣
ፍየል አሳፍሬ፣ ሙሽራ ከነአልጋዋ፣
የሬሳ ሣጥንም፣ መበለት ከነዕዳዋ፣
ንብ ግን ባሕር ተሻግራ ለሥራ እንደምትሄድ
ያወቅኩት ያን ዕለት ነው፣
ዶኑሳ ወደብ ላይ፣ ስጠመጥም ገመድ።

ሰኔ ነው። ነፋሱ ከሰሜን ተነሥቶ
የማታውን ጉዞ ወደ አሥር ሰዓት ጎትቶ
ጥድፊያ ላይ ነን። ኢሲዶሮስ ደረሰ፣
ሃያ ሁለት ቀፎ ጭኖ፣ ሸሚዙ በላብ የራሰ፣
የቀፎውን አፍ ሁሉ በሽቦ ወንፊት ሰፍቶ።
ከጎኑ ሚስቱ ዛምፔታ፣ አንገቷን አዙራ፣
ዓይኗን እንደተከለች በአንድ ነጭ ጣራ።

“በጉዞ ላይ ከታች ሰው መቅረት ክልክል ነው፣
ወደ ላይ ውጡ” አልኩ፤ ወጣ ሰውዬው።
እሷ ግን መዳፏን ለጥፋ ከቀፎ
እንደ ርጉዝ ሆድ ታዳምጣለች፣ ድምፄን ነፋስ ገፎ።
አለቃ ዘወር ብሎ ነበር። እኔም ዘወር አልኩ።
ሰንሰለቱን አጠበቅኩ።

ያን ቀን ሁለት ሞተር ነበረን ከታች፤
አንዱ ናፍጣ ጠጪ፣
ሌላው ሺህ ክንፍ ያለው፣ አበባ ተመኚ።

ላይ፣ መንገደኛው ሁሉ ሎሚ ይመጥጣል፤
አንድ የፖስታ ሠራተኛ ከረጢቱን ታቅፎ ይጸልያል።
ደረጃው ላይ ሆኖ፣ ሲጋራ ለኩሶ፣
ኢሲዶሮስ አጫወተኝ፣ ድምፁን ቀንሶ፦
“ቀፎ ሲመሽ ነበር የሚዘጋው ደንቡ፣
ከመስክ ሲመለሱ፣ ሁሉም ሲሰበሰቡ።
እናንተ ቸኮላችሁ፤ ዘጋሁት በጠራራ።
ስንቶቹ ጦስኝ ላይ ናቸው፣ ገና በሥራ!
ሲመሽ ይመጣሉ፤ ቤታቸው ግን የለ፤
አንድ ባዶ ቀፎ ትቼላቸዋለሁ” አለ።
ማዕበል ጫማችንን ረጭቶ አለፈ።
“ንግሥት የለውም” ሲል ድምፁ ከወገቡ ታጠፈ።

ሁለቴ ስተን ኤጊያሊን፣ በሦስተኛው ገባን፤
ገመድ ሳንወረውር ጦስኝ ሸተተን።
ጀንበር አዘቅዝቃለች። በዚያ በዶኑሳ
አሁን ነው የሚመለሱት።
መኪናውን አስነሣ፣ መልሶ አጠፋው።
“የቤቱን ቁልፍ የት አኖርሽው?” አላት።
“በሩ ላይ” አለችው።
ለማን ብሎ አልጠየቀም፤
እንደሚያውቅ ሰው መሪውን ብቻ አየው።
ጥቁር እጅጌዋ ላይ አንዲት ንብ ነበረች፣
ማንም ሳይዘጋባት፣ በፈቃዷ የተሻገረች፤
ትኬት አልጠየቅኋትም።

ሌሊት ስንመለስ ዶኑሳን በሩቁ አለፍናት፣
ነፋሱ ወደብ አላስገባ ብሎን።
ኮረብታው ላይ መብራት አየሁ ብላችሁ ደስ ባለኝ፤
ጨለማ ነበር።
ወረድኩ፣ ሰንሰለቶቼን ቆጠርኩ፣
ቀፎዎቹ በነበሩበት ወለል ላይ እጄን አኖርኩ፤
አንዱ ሞተር ብቻ ነበር የሚሠራው።