ትርፍ ገመድ

ወክራ፣ ነሐሴ ማለቂያ።
ቤቱ ገና ባለቤቱን አላየም፣
ቀለሙ አልደረቀም፣ ማቀዝቀዣው አልነቃም፣
ባሕሩ ግን ቀድሞ ገብቷል፤
ግድግዳው ያልበዋል እንደኛው።

ከደረጃው ሥር ተንበርክኬ
የብረቱን ሣጥን ከፈትሁት።
መቶ አርባ ሁለት ገመድ
ከጣራው እንደ ዶፍ ወርዶ
ወለሉ ላይ ተቆላልፎ ጠበቀኝ።
አንዳንዱ ስም የለው፣
አንዳንዱ ስሙን ላብ በልቶታል፣
አንዳንዱ ላይ ቢርባሃዱር በእርሳስ ጽፎ
ራሱም ማንበብ አቅቶታል።

«ሩቅያ» አለኝ ሻጂ፣ «እስከ ሐሙስ።»
ሌላ ቃል አልጨመረም።
ለአለቃም አለቃ አለው።

ካንዱ እጀምራለሁ።
እኔ ከታች እወዘውዛለሁ፣
ቢርባሃዱር ከላይኛው ፎቅ ይስባል፤
«እሱ ነው!»
«እሱ አይደለም!»
ቋንቋችን የማይገናኝ ሁለት ሰዎች
በአንድ ገመድ ጫፍና ጫፍ ስንግባባ እንውላለን።
የሳሎን መጋረጃ። የበሩ ዓይን፣ የጓሮው ዓይን።
ጭስ የሚያሸት፣ ሙቀት የሚለካ፣
እግር ሲቀርብ የሚነቃ፣ እግር ሲርቅ የሚያንቀላፋ።
ለሁሉም ስም አትሜ እለጥፋለሁ፣
በሁለቱም ጫፍ፤
ባንድ ጫፉ ብቻ ስም ያለው ገመድ
ላኪው የማይታወቅ ደብዳቤ ነው።

ከወፍራሙ መስመር አንድ ክንድ አርቀዋለሁ።
ያኛው ትልቁ ኃይል ነው፣ ሲያልፍ ያጉረመርማል፤
የኔው ቀጭን የሚሸከመው ሹክሹክታ ነው።
ጎን ለጎን ቢተኙ
የትልቁ ጉርምርምታ የትንሹን ወሬ ይውጠዋል።
ይህን ከመጽሐፍ አልተማርሁትም፤
ሰባት ዓመት ሰው ቤት ኖሬያለሁ።

ቅርፊቱን እገፍፋለሁ።
ስምንት ክር፣ አራት ጥንድ፣
እንደ ሹሩባ የተጎነጎነ።
ካውራ ጣት ጥፍር በላይ አትፍቺው ይላል ሕጉ፤
የሚጠብቃቸው ጥምዝምዙ ነው።
ነጭ ብርቱካን፣ ብርቱካን፣
ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣
ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣
ነጭ ቡናማ፣ ቡናማ።
መጀመሪያ ሰሞን በእንቅልፌ እቀራው ነበር፤
አሁን ጣቶቼ ያውቁታል፣ እኔ ሌላ አስባለሁ።
ቀጭ ይላል መምቻው። ቀጭ።
የተቆረጠው ጫፍ ጉልበቴ ዙሪያ ይረግፋል።

ረቡዕ ማታ ዘጠኝ ቀሩ፣
ዘጠኙም ወደ አንድ ክፍል የሚሄዱ።
ፕላኑን ዘረጋሁት፦
ከወጥ ቤቱ ጀርባ፣ ሁለት በሁለት ተኩል፣
መስኮቱ ወደ ውኃ ፓምፑ።
ከመኝታ ቤቱ ደወል፣ ከልጆቹ ደወል፣
ከሳሎኑ፣ ከመጅሊሱ፣ ከመዋኛው፣
ከሰገነቱ፣ ከውጭው በር፣
ከአያትየው አልጋ ሁለት።
ዘጠኝ ገቢ።
ወጪ የለም።
የገዛ መብራቷ እንኳ
የሚጠፋው ከወጥ ቤቱ ሰሌዳ ነው።

ደወሉን አውቀዋለሁ።
ጁበይል፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፣
ትራሴን ደፍቼበት
ትራሱ ሥር ሲጮህ።
ማነው ይህን ሽቦ እስከ ጆሮዬ ያመጣው
እያልሁ እረግም ነበር ያኔ።
እነሆ።

አሰርሁት። ሥራዬ ነው፤
ዘጠኙንም፣ ቀለም ሳልስት።
ከዚያ ከጥቅልሉ የተረፈችውን
አሥራ አንድ ሜትር ተኩል
በጣራው ውስጥ ሳብኋት፣
ከዚያች ክፍል እስከ ሣጥኑ።
ቢርባሃዱር ምንም ሳይል ጫፏን ተቀበለኝ።
ከአልጋው ራስጌ፣ ባዶ ክዳን ሥር፣
አንድ ክንድ ጠቅልዬ ተውሁ።
ማተሚያዋ የኔን ፊደል አታውቅም፤
በእጄ ጻፍሁ፣
በሁለቱም ጫፍ።

ሐሙስ ሻጂ መፈተሻውን ይዞ መጣ።
ከአንድ እስከ ስምንት አረንጓዴ፣
እንደገና ከአንድ እስከ ስምንት አረንጓዴ፣
መቶ አርባ ሦስተኛዋ ላይ ቆመ።
«ይቺ ፕላኑ ላይ የለችም።»
«ትርፍ ናት።»
«ጽሑፉስ ምን ይላል?»
«ትርፍ ይላል።»
ዝም ብሎ አየኝ።
እናቱ ኩዌት አሥራ ዘጠኝ ዓመት
ሰው ቤት እንደነበረች አንዴ ነግሮኛል።
ዝርዝሩ ላይ ምልክት አድርጎ አለፈ።

ሣጥኑን ቆለፍሁ።
ትርፍ አይልም።
የምታነበው
አንድ ሌሊት፣ የክዳኑ ብሎን ሲላላ፣
በጥፍሯ ትከፍተዋለች።