አንድ ለስምንት

ሰኞ ከሥራ ቀረሁ፣ አሸዋውን ለኑርዬ ትቼ፣
ሜትሬን በወገቤ፣ ቱንቢዬን በኪሴ ከትቼ፤
የጦሳ ጉም ገና ከቆርቆሮው ላይ ሳይነሳ፣
ትምህርት ቤት ልመዝን ወጣሁ፣ ለልጄ ለነፊሳ።

ከሆጤ በላይ ያለው የግሉ፣ ልጆቹ ቀይ ካልሲ ያደርጋሉ፣
«ጉድ ሞርኒንግ ቲቸር» እያሉ እንደ ንብ ያዜማሉ፤
ክፍያው በወር የሁለት ኩንታል ሲሚንቶ ዋጋ።
ዘይነባ ስትደምር ስትቀንስ ሌሊቱ ነጋ።
«የሰፈሩን አየኸው ወይ?» አለችኝ፤ «ሰው ያማዋል፣
ሰው ደግሞ ያልገባበትን ቤት ሁሉ ያውቃል።»

ገባሁ። ዘበኛው ጋሽ አሊጋዝ «ማንን ፈለግህ?» አለኝ፣
«ግንቡን» አልኩት። ሳቀና በሩን ገፋ አረገልኝ።

ግንበኛ አስቀድሞ ማዕዘን ነው የሚያይ፣ ፊት አያይም፤
ማዕዘን እንደ ቀለም አይሸነግልም።
ቆጠርኩ፦ በአንድ ክፍል ስድሳ ሰባት ልጅ፣
በአንድ ዴስክ አራት፤ አራተኛው ግማሹ ዴስክ ላይ፣ ግማሹ ደጅ።
ቧንቧው ከታኅሣሥ ወዲህ ሳል እንጂ ውሃ አያውቅም፤
የመጻሕፍት ክፍሉ ቁልፍ ከርዕሰ መምህሩ ኪስ አይወጣም።
የሴቶቹ ሽንት ቤት በር አለው፣ መቀርቀሪያ የለውም፤
አንዷ ስትገባ ሌላዋ በጀርባዋ ትደግፋለች፣ አትሄድም።

በሦስተኛ «ሀ» ግድግዳ፣ ከመስኮቱ ሥር ጥላሸት አለ፣
ቀለም ሁለት ጊዜ አልፎበት፣ ተመልሶ የበቀለ፤
የዚያን ዓመት ተፈናቅለው የመጡት ያነደዱበት፣
ጣት በሚያህል የከሰል መስመር ቀናቸውን የቆጠሩበት።
አርባ አንድ ድረስ ሄድኩ፤ ከዚያ መስመሩ ቆመ።
ወይ ሰዉ ሄደ፣ ወይ ቆጣሪው ደከመ።

ከዚያ ስንጥቁን አየሁት፣ ከመስኮቱ ጥግ ተነስቶ፣
እንደ ክረምት ቦርከና ተጠማዞ፣ ወደ ታች ሰፍቶ።
ቱንቢዬን ጣልኩ፣ ጣቴን ከተትኩ፣ አሸዋው ፈሰሰ።
«ማን ሌባ ነው» አልኩ «ሲሚንቶውን የቀነሰ?»
አልኩና ቃሉ አፌ ላይ ደረቀ፤
ከጥጉ፣ ከጉልበቴ ትይዩ፣ አንድ ክብ ነገር ሳቀ፦
የሳንቲም ማኅተም፣ አንበሳው አፍንጫውን ያጣ፣
ጎረምሳ ሳለሁ በእርጥብ ልስን የምጫነው፣ የቀን ዋጋዬ ሲመጣ፣
«እኔ ነኝ» ለማለት። ፊርማዬ ነበረ።
አንድ ሲሚንቶ፣ ስምንት አሸዋ፦ ኮንትራክተሩ አለ፣ እጄም አልተከራከረ።

እዚያው ቁጢጥ እንዳልኩ የመምህርት ጦይባን ድምፅ ሰማሁ፣
ብርሃን በሚያሳልፈው በኩል ዓይኔን አስጠጋሁ።
ከአሥራ ሦስት ስድስት ሲነሳ? ሰሌዳ ፊት የቆመው ልጅ ዝም።
«ቲቸር እኔ! ቲቸር እኔ!» ስድሳ ስድስት ጣት፣ አንዱም አያርፍም።
እሷ ጀርባዋን ሰጠቻቸው፤ ከራሴ በላይ፣ በመስኮቱ፣ ዳስተር ታራግፋለች፣
አንዲት ብናኝ አልወረደችብኝም፤ ንጹሑን ዳስተር ታራግፋለች፣ ታራግፋለች፣
ልጁ ጣቶቹን ከኋላው ደብቆ ቆጥሮ እስኪጨርስ።
«ሰባት» አለ።
ያኔ ዞረች፤ ጠመኔውን አቀበለችው፣ ቀስ።

ቤት ስገባ ዘይነባ እስክሪብቶ ይዛ ጠበቀችኝ፣
«እሺ፣ ይሁን ወይስ አይሁን?» አለችኝ።
ስለ ስንጥቁ ነገርኳት፤ ስለ ሳንቲሙ አልነገርኳትም፤
ስለ ዳስተሩ ልነግራት ብዬ ምላሴ አልታዘዘኝም።

«አባ» አለች ነፊሳ፣ ጫማዋን እያወለቀች ዳር፣
«የሽንት ቤቱ በር ይቆለፋል?» ሌላ ጥያቄ አልነበራትም ነበር።
ኮቴን መልሼ አነሳሁ። የአራዳው ብረታ ብረት ገና አልዘጋም።
«ለዛሬ» አልኳት «አይቆለፍም።»