በእርሳስ

በረዶው ከሐይቁ ትናንት ነው የለቀቀ፣
የአዳራሹ መስኮት በዘይት ላብ ተጠመቀ፤
ዓርብ ማታ ነው በኤሪ፣ ዓሣ ይጠበሳል፣
በየመስመሩ የቦሊንግ ኳስ ይንኳኳል፣ ይፈርሳል።

እኔ ከባንኮው ኋላ ጫማ አከራያለሁ፣
ሰዉን ከስሙ ይልቅ በእግሩ ቁጥር አውቃለሁ፤
አሥራ አንድ ተኩል ዌንደል፣ ሰባት ማለት ዶሎሬስ፣
አሥራ ሦስት ኦሪን፣ አንድ እግሩን ጎትቶ ሲደርስ።

ትናንት ማታ ቡድናችን፣ መልሕቆቹ፣ ልጅ መረጡ፤
ዛሬ በየጠረጴዛው ዳኞች ተቀመጡ።
ስሙ ኮልቢ ራስመሰን፣ ሃያ አንድ ዓመቱ፣
ከበቆሎ አገር ነው፣ ነብራስካ ነው ቤቱ።
ኳርተርባክ ነው እንግዲህ፤ ኳሷ ከእጁ ሳትወጣ
ሦስት ሰከንድ አለው፣ ተራራ ሰው እስኪመጣ።

አርባ ዓመት ባቡር የበየደው ዌንደል ሹካውን ጣለ፦
«አጥር ሳይኖር ከብት ይገዛል ወይ?» አለ፤
«ከፊቱ የሚቆሙት አምስቱ ወንፊት ናቸው፣
የአምናው ሲጨፈለቅ ቆመው አየናቸው፤
መጀመሪያ ግንብ! መጀመሪያ ትከሻ!
ልጁን ለማን ልትሰጡት ነው፣ ለማን ጉርሻ?»

«ስልሳ ያርድ ይወረውራል፣ ኪስህ ውስጥ ይከተዋል፤»
አለ ካዚሚር፣ አፉን ዓሣ ሞልቶት፣
«እንዲህ ያለ ክንድ ለጎረቤት የሚተው ማን ይኖራል?»

«እጁ ግን ትንሽ ነው» አለች ፊሊስ፣ «ተለክቷል፤
ዘጠኝ ኢንች አይሞላም፣ ጋዜጣ ላይ ወጥቷል፤
ታኅሣሥ ላይ የሐይቁ ውርጭ ኳሷን ሲያሟልጭበትስ?»
ሁሉም መዳፉን ዘረጋ፣ ማንኪያ ሊለካበት፤
የካዚሚር እጅ ከልጁም አንሳ ተገኘችበት።

እዚህ ሰው ላሙን በሰማይ ካሰረ ቆይቷል፤
በመስከረም ያልባታል፣ በኅዳር ይነጥፍበታል።

ዶሎሬስ ግን ዝም ብላ ደብተሯን አወጣች፣
ሠላሳ ዓመት የትምህርት ቤት አውቶቡስ የነዳች፣
ሠላሳ ዓመት ስም ጽፋ ስም የሰረዘች።
ሃያ ሦስት ኳርተርባክ፣ ስሙ በእስኪሪብቶ፣
ሁሉም ከአናቱ ላይ ቀይ መስመር ተመትቶ።
ይኼን ትከሻው። ይኼን መጠጡ። ይኼን አሠልጣኙ።
ይኼኛውን እኛው ራሳችን፣
በእንቁላል፣ መኪናው ላይ፣ ልጁ ኋላ ተቀምጣ ስታየን።

ስድስተኛው ስም ላይ ጣቷ ቆመ።
ማንም አላነበበውም። አዳራሹ ግን ዝም አለ።

ኦሪን ከማሽኖቹ ጓሮ ወጣ፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፤
አንድ የወደቀ እንጨት አላነሳ ያለ ማሽን ሲጠግን ቆይቶ።
በሃያ ሁለት ዓመቱ የከተማው ተስፋ ነበረ፤
አራቱን ጨዋታ አየን፤ በአምስተኛው ጉልበቱ ተሰበረ።
ድምፁ እስከ ላይ አልደረሰም፤ አባቴ ትከሻ ላይ ነበርኩ፤
ሰው ሁሉ ሲጮህ፣ ምን እንደሆነ ሳላውቅ፣ አብሬ ጮኽኩ።

«አንተስ ምን ትላለህ?» አለው ዌንደል፣ ሳህኑን እያየ።

«ስለ ክንዱ አላውቅም» አለ ኦሪን፣ «ስለ መዳፉም አላውቅም፤
መወርወር የሚያስተምረው ሰው መቼም አያጣም።
አንድ ሰው ግን ቀድሞ መውደቅ ያስተምረው፤
አገጩን ደብቆ፣ ኳሷን ሆዱ ውስጥ ቀብሮ፣ ሰውነቱን አላልቶ።
እኔን ማንም አላስተማረኝም፤
ቆሜ መሰበር ብቻ ነበር የማውቀው።»

ከዚያ ዓሣ ጠየቀ። ፊሊስ ሎሚ አበዛችለት።

ክርክሩ ተመለሰ፣ ኳስ በቦዩ ተንከባሎ እንደሚመለስ፤
ዌንደል አሁንም ግንብ፣ ካዚሚር አሁንም ክንድ፤
ድምፃቸው ግን ዝቅ ብሎ፣
ልጁ ከጎን ክፍል የተኛ ይመስል።

መብራት ሳጠፋ ዶሎሬስ ጠራችኝ፦ «እርሳስ ይኖርሃል?»
የነጥብ መመዝገቢያዋን፣ ላጲስ የሌላትን፣ ጉማጅ እርሳስ ሰጠኋት።
ሃያ አራተኛ ብላ ጻፈችው፣ ሳትጫን፣
ወረቀቱ እንኳ እንዳይሰማ።

እኔም ጫማ ስደረድር አንድ ነገር ከነከነኝ፦
ስንቱን ሁሉ ሲለኩት፣ የእግሩን ቁጥር ማንም አልነገረኝ።