ባለ አንድ ዓይን ዘንዶ

እናቴ ቤት ሸጣ፣ ዕቃ ስናወጣ፣
ከምድር ቤቱ ጥግ አንድ ቆርቆሮ መጣ፤
የብስኩት ቆርቆሮ፣ ክዳኑ የዛገ፣
በኪያር ብልቃጦች መሃል የተሸሸገ።
"ጣልኩት" ያለችኝ ነው፣ ያኔ በልጅነት፣
በሂሳብ የወደቅሁ፣ የተቆጣች ዕለት።
ሃያ ስምንት ዓመት አኩርፌባት ኖሬ፣
ለካ ደብቃው ነው። ከፈትኩት፣ ዛሬ።

አራት መቶ ካርታ በላስቲክ ታስሮ፣
ላስቲኩ ብን አለ ስነካው፣ ተሰባብሮ።
ጠንቋዩ፣ ድልድዩ፣ የበረዶው ተኩላ፣
የወንዟ ንግሥት ከነጦሯ፣ ኋላ።
የጋብቻ ዕለቴን ዘወትር የምረሳው፣
የተኩላው ጉልበት ግን አራት፣ ጋሻው ሦስት ነው፣
በበረዶ ሜዳ አንድ ይጨመርለታል።
ይህን ማን ጠበቀው? የት ተቀምጦ ቆይቷል?

ከሥር ግን፣ ለብቻው፣ ከፕላስቲክ ገብቶ፣
ባለ አንድ ዓይን ዘንዶ፣ ክንፉን ዘርግቶ።
ሳየው ፊቴ ቀላ። የኔ አልነበረማ፤
ከሚሬክ የበላሁት፣ በደረጃው ጨለማ፦
"ዓይኑ አንድ ነው፤ ስህተት ነው፤ የማይረባ ነው" አልኩት፣
በአሥር ተራ ካርታ፣ በማስቲካ ለወጥኩት።
እሱ አሥር ዓመቱ፣ እኔ አሥራ ሦስት ነኝ፤
"እሺ" አለ፣ ቶሎ። ያ "እሺ" ነው የከነከነኝ።

ክሬን ነጂ ነኝ እንግዲህ፣ በግዳንስክ ወደብ፣
ከደመና በታች፣ ከባሕር ወፍ ቀረብ፤
ኮንቴይነር አንስቼ ኮንቴይነር ሳወርድ
ያ "እሺ" አብሮኝ ዋለ፣ ሲነፍስ፣ ሲበርድ።

ሐሙስ ማታ ይዤ ወደ ሱቁ ወረድኩ፣
ከጫማ ሰሪው ሥር፤ በሩን ገፋ አደረግኩ።
እርጥብ ጃኬት፣ ላብ፣ የድንች ጥብስ ሽታ፤
"የማን አባት ይሆን?" የሚል የጎን ዕይታ።
ዩስቲና የምትባል፣ ጥርሷ ሽቦ የታሰረ፣
"እንጫወት" አለችኝ። ወዲያው ተጀመረ፤
ወዲያውም አለቀ። በአራተኛው ዙር
ከነተኩላዬ ገባሁ ከመቃብር።
"ጌታዬ" አለችኝ፣ እየበወዘች፣
"ተኩላ ድሮ ቀረ።" ፈገግም አላለች።
እጄ ግን፣ ይህ ሰፊ፣ ግሪስ የጠገበ እጅ፣
ሲበውዝ ተመልሶ ሆነ የያኔው ልጅ።

ዘንዶውን ለሌሸክ፣ ለባለ ሱቁ ሰጠሁ፤
በአጉሊ መነጽር ሲያየው ቆሜ ጠበቅሁ።
(የሁለት ወር ደመወዝ ያወጣል ብያለሁ፤
እንዴት እንደምመልስ ሌሊቱን አስቤያለሁ።)
በመብራት፣ በጥፍሩ፣ ጠርዙን ዳሰስ አርጎ፣
"ማነው የሠራልህ?" አለኝ፣ ሳቁን ሸሽጎ።
"ፎቶኮፒ እኮ ነው፤ በወርቅማ ቀለም
በእጅ ነው የተቀባ። አንድ ዝሎቲ አያወጣም።
ሲስሉት ረስተው ነው አንደኛውን ዓይን፤
ዘንዶ ሁለት ዓይን ነው፣ አልሰማህም ይህን?"

ውሸቴ እውነት ኖሯል። ስህተት። የማይረባ።
ብልጥ ለብልጥ፣ ዓይን ብልጥጥ! እየሳቅሁ ቤት ገባሁ፣
ሚሬክን ፈለግሁት። ፖዝናን፣ መድኃኒት ቤት።
ስልኩን ራሱ አነሣ። ድምፁ ሳል አለበት።
"ያ ዘንዶ…" ስል ገና፣ ነገሩን ሳልጨርስ፣
ከዚያ ማዶ ሳቀ፣ ሳል እስኪያፍነው ድረስ፦
"ወንድሜ ነው የሠራው" አለኝ፣ "ለልደቴ፤
የእውነቱን መግዣ ከየት አምጥታ እናቴ?
'ስህተት' ስትል ጊዜ፣ ታወቀብኝ ብዬ፣
'እሺ' አልኩህ፣ ፈርቼ፣ እንዲያው ተቻኩዬ።
አሥሩ ካርታህ አለ። ማስቲካው ግን አልቋል።"
ዝም አለ። ሳለ። ከዚያ፦ "ወንድሜ ሞቷል፤
አምና፣ በመጋቢት። የእጁ ሥራ የለኝም፣
አንድ ወረቀት እንኳ። ዘንዶው ግን… አልጠፋም?"

ሌሸክ የተመነውን፣ ዋጋውን ትቼ፣
"አለ" አልኩት፣ ዘንዶውን ከኪሴ አውጥቼ፣
እንደሚያየው ሁሉ፣ በስልክ።

ዛሬ ዓርብ ነው። ንፋስ። ከክሬኑ አናት ላይ
በመስኮቱ አስደግፌው፣ ወደ ታች ሲያይ፤
አንድ ዓይን ይበቃዋል ባሕሩን ለማየት።
ባቡሩ ነገ ነው፣ ጠዋት አንድ ሰዓት።
ትኬቴን ሳላውቀው ከካርታው ጋር በወዝኩት፤
እየፈለግሁት ነው።