ሃያ ሦስተኛው መስመር

በትምህርት ቤቱ አውቶቡስ፣ ከፀሐይ መከለያው ሥር፣
አንድ ደብተር አለኝ፤ ከነእርሳሱ በላስቲክ የሚታሰር።
ጡት የሚያጠባ ሁሉ፣ በደሴታችን ዱር ያደረ፣
በዓመቱ አንዴ በዓይኔ ከታየ፣ አንዴ ተቆጠረ።
ወፎቹን ለሄይኖ ትቻለሁ፤ እሱ ጡረተኛ ነው፣
አጉሊ መነጽሩን አንግቶ ከወደቡ ጫፍ የሚውለው።
እኔ መንገድ ላይ ነኝ። የኔ ድርሻ መንገዱን የሚያቋርጠው።

ሕጉ ሦስት ነው፤ ማንም አላወጣው፣ ራሴ ነኝ፦
ኮቴ አይቆጠርም። ድምፅ አይቆጠርም። የሞተ አታሳዩኝ።

ጃንዋሪ አንድ ሲጠባ ዕዳም ሀብትም አብሮ ይሰረዛል፤
ዓምና ስንት አየህ ብሎ ማን ይጠይቃል?
ያቺው የጋራዡ አይጥ፣
ከዘይት ጣሳ ጀርባ ቆማ ስታፈጥጥ፣
«አንድ» ብዬ አሰፍራታለሁ በክብር፣
ከአጋዘን እኩል፣ ከተኩላ እኩል በቁጥር።

በማርች፣ በረዶው ላይ፣ የተረሳ ጆንያ የመሰለ አቆስጣ፤
ሃያ ሕፃን «ድንጋይ ነው» ሲል ቆይቶ፣ ራሱን ቀና አድርጎ አዛጋና ልጆቹን በሳቅ አስቆጣ።
በሜይ ጃርት፤ መንገድ መሐል ተጠቅልላ አልነሳም ያለች፣
ጡሩምባ ብነፋ፣ ወርጄ ብለምናት፣ የሒሳብ ፈተና አስረፈደች።
በኦገስት ማምሻ የሌሊት ወፍ፤ ሄይኖ «የበረረ ሁሉ የኔ ነው» ብሎ ተጣላኝ፣
ጡት እንደምታጠባ ስነግረው ዝም አለ፤ ከዚያ ቢራ ጋበዘኝ።

ሃያ ሁለት ላይ ቆምኩ። ኖቬምበር ገባ፣
ከቀኑ ዘጠኝ ተኩል ጀንበር የምትደበቅበት፣ ጥዱ ራሱ ጨለማ የሚያባ።
የቀረኝ ሊንክስ ነው፤ ያ አነር መሳይ፣ አድፋጩ።
ዘጠኝ ዓመት ጠበቅኩት።
ፖስተኛዋ አይታዋለች። ቄሱ ሁለት ጊዜ።
ለኔ ኮቴውን ብቻ ይተውልኛል፣ በረዶ ላይ፣ እንደ ስድብ።

ከካይና ወዲህ፣ መታጠፊያው ላይ፣ መብራቴ ውስጥ ገባ።
ጆሮው ጫፍ ላይ ጥቁር ፀጉር፣
መዳፉ ሰፊ፣ የልጅ ጓንት የሚያክል።
ዞሮ አየኝ።
እግሬ ፍሬን ሳይነካ
ልቤ ደብተሩን ነካ።

ከዚያ ድምፁ።

(ድምፅ አይቆጠርም።)

ወርጄ ጎተትኩት፤ ይሞቅ ነበር፣ ከባድም አልነበረ።
ስመለስ አውቶቡሱ ጭጭ ብሏል፤ ያ ሁሉ ጫጫታ የት ተቀበረ?
የፊት ወንበሯ ሚርተል፣ ስምንት ዓመቷ ነው፣ ሕጌን ከኔ በላይ የምታውቅ፣
«ሲያየን በሕይወት ነበር» አለችኝ፣ መስታወቱን በእጅጌዋ ስትጠርግ፣ ሳታለቅስ፣ ሳትስቅ።
«ስለዚህ ይቆጠራል። ጻፈው።»

ማታ ጻፍኩት። ሃያ ሦስት። ሊንክስ።
በላጲስ አጠፋሁት።
እውነት ነው፣ አይቼዋለሁ፤ ደግሜ ጻፍኩት።
ደግሜ አጠፋሁት።
የማየው እኔ፣ የገደልኩት እኔ፣ ዳኛውም እኔ፤
ወረቀቱ ተበሳ።
ሄይኖ ሰምቶ መጣ። ስለ ሊንክሱ አንድም አልተነፈሰ፤
ስለ ዝይና ስለ ዳክዬ ብቻ አወራኝ፣ እሳቱ እስኪከስም፣ ሌሊቱ እስኪያንስ።

ጃንዋሪ አንድ ጋራዡን ከፈትኩ። አይጧ አልወጣችም፤ ብርዱ ይሆናል።
የአሮጌውን ዓመት ገጽ ከመግለጤ በፊት በቀዳዳው አጮለቅሁ፦
ከሥሩ የዘንድሮው ሃያ ሦስተኛ መስመር አለ፣
ነጭ፣ ምንም ያልተጻፈበት።

ትምህርት ተከፈተ። መታጠፊያው ላይ አሁን በሠላሳ ነው የምነዳው።
«እናረፍዳለን እኮ» ትለኛለች ሚርተል፣
ዓይኗን ከጥዱ ሳትነቅል።